ከድሬ ሆኖ የሌለ ዓለም መጻፍ፦ ለሳይንስ ልብወለድና ለፋንታሲ ጀማሪዎች

ቀን ቀን ትራንዚተር ነኝ። ከጅቡቲ ለሚገባ ዕቃ ሰነድ አሰናዳለሁ፣ ዲክላራሲዮን እሞላለሁ፣ ጉምሩክ ደጅ እጠናለሁ። በማለዳ ደግሞ ስለሌሉ ከተሞችና ስላልተወለዱ ሰዎች እጽፋለሁ። ይህን የሰሙ የድሬዳዋ ልጆች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ያመጣሉ። አንዱ "አቦ፣ እንዴት ነው የሚጀመረው?" የሚል ነው። ሌላው "እንጀራ ይወጣዋል ወይ?" የሚል።

ሁለተኛውን ቶሎ ልገላግላችሁ። በአማርኛ የሚጽፍ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ በመጽሐፉ ብቻ የቤት ኪራይ ከፍሎ ልጅ ያሳድጋል ብዬ አልዋሽም። ውጭ አገር ካሉትም ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው። ስለዚህ ደመወዛችሁን አትልቀቁ። ደመወዝ ያለው ደራሲ ውል አንብቦ "ቆይ እስቲ" ማለት ይችላል፤ የቸገረው ዝም ብሎ ይፈርማል። ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ በየቀኑ ኪራይ የሚቆጥርበት ነጋዴ ምን ምን እንደሚፈርም እኔ በዓይኔ አያለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ።

ከተማ ለምን እዚያ ተቆረቆረች?

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ካርታ ይዘው ይመጣሉ። ሦስት አህጉር፣ ሰባት መንግሥት፣ የማይቆጠር ነገድ። ሥዕሉ ያምራል፣ ስሞቹም ያምራሉ። "ይቺ ዋና ከተማ ለምን እዚህ ሆነች?" ብዬ ስጠይቅ ግን ዝም ይላሉ። ካርታውን አጥፉትና ድሬን ተመልከቱ።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ሐረር የቆየች የንግድ ከተማ ናት። ቡናው እዚያ ነው፣ ቆዳው እዚያ ነው፣ ገንዘቡ እዚያ ነው። ግን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ተራራ ላይ ተቀምጣለች። ይሄ የእኛ ሜዳ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ያን ዳገት ባቡር ማስወጣት ከባድ ነው፣ ገንዘብም ይፈጃል። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በሥሩ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰ፣ ከተማ ተቆረቆረች። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው። አዲስ አበባ ለመድረስ ባቡሩ እስከ 1909 ዓ.ም. ቆየ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ነገር ተራግፎ የሚጫነው እዚህ ነበር።

መዘዙን ተከተሉት። ጣቢያ ካለ የጥገና ወርክሾፕ አለ። ወርክሾፕ ካለ ፈረንሳይኛ የሚቀላቅል መካኒክ አለ። ከዚራ የምትባለው ሰፈር ቀጥ ባለ መንገድና በዛፍ ጥላ ተቀየሰች። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ በገበያዋ ዙሪያ እንዳሻት አደገች። ግሪኩ መጣ፣ አርመኑ መጣ፣ ሕንዱና ዓረቡ መጣ። ኮንትሮባንዱም አልቀረም። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ባቡር የማይወጣው ዳገት ነው።

እናንተም ለዓለማችሁ መጀመሪያ አንድ "አይቻልም" ስጡት። ወረቀት ላይ ጻፉትና ከሥሩ "ስለዚህ" እያላችሁ ውረዱ። ለምሳሌ፦ በዚህች ፕላኔት ቀን ላይ ብረት አይነካም፣ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የብረት ሥራ ሁሉ በሌሊት ነው። ስለዚህ ትልቅ ሰው ቀኑን ይተኛል። ስለዚህ ቀን ላይ ከተማዋ የልጆች ናት። ስለዚህ ልጆቹ ወላጆቻቸው የማያውቁትን ነገር ያያሉ። እዚህ ስትደርሱ ታሪኩ ራሱ መሄድ ይጀምራል። ምሳ በልታ፣ ሱቅ ዘግታ ለምትተኛ ከተማ ልጅ ይህን መገመት አይከብደውም።

ደቻቱንም አስቡት። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ግን ከላይ፣ በደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ላይ ነው። ከተማው ደረቅ ሆኖ ውሃው ሊመጣ ይችላል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ስንቱን እንደወሰደ ድሬ ታውቃለች። በልብወለድ ውስጥ አደጋ ስታመጡ ገፀ ባሕርያችሁ ከማያይበት ቦታ አስነሱት። የደረሰ ሐዘን ግን ማድመቂያ አይደለም። የጎረቤታችሁን መከራ ፕላኔት ቀይራችሁ ስትጽፉትም ያው የጎረቤታችሁ መከራ ነው።

ግዙፎቹና ዶቃው

ሳይንስ ልብወለድና ፋንታሲ በምን ይለያሉ ስባል ሰውን ሐርላ ነው የምልከው። ከድሬ ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። ገበሬው ሲያርስ የግንብ ድንጋይ፣ ሸክላ፣ ዶቃ ያወጣል። ድንጋዮቹ ትላልቅ ስለሆኑ ከተማውን የሠሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይባላል። በ2009 ዓ.ም. አርኪዮሎጂስቶች ቁፋሯቸውን ይፋ ሲያደርጉ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ማግኘታቸውን ተናገሩ። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃም ተገኘ። ግዙፍ ሰው ግን የለም፤ መቃብሩ የተራ ሰው መቃብር ነው።

ፋንታሲ የምትጽፉ ከሆነ ግዙፎቹን እመኑና ጀምሩ። ምን ይበሉ ነበር? ለምን ሄዱ? ድንጋይ ሲያነሱ ወገባቸውን ያማቸው ነበር? ሳይንስ ልብወለድ የምትጽፉ ከሆነ ዶቃውን ተከተሉ። የቻይና ዕቃ እዚህ ኮረብታ ላይ እንዲደርስ ስንት ሰው፣ ስንት ግመል፣ ስንት ቀረጥ አለፈ? ያንን መንገድ ከምድር ወደ ማርስ አዙሩት። እኔ በሥራዬ ምክንያት ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ጠፈር ላይም ዕቃ ከገባ ቀረጥ አለ፤ ቀረጥ ካለ ደግሞ የሚደብቅ ሰው አለ።

ሁለቱም ግን ደንብ ይፈልጋሉ። እጅ ሲነሳ እሳት የሚተፋበት አስማት ሰልችቶናል። ሐረር ሂዱና የአሹራ በዓልን ነገር ጠይቁ። ያን ዕለት ለጅብ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርባል። ጅቦቹ እንዴት እንደበሉት ታይቶ መጪው ዓመት ይገመታል። የጀጎል ግንብም ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ ጅብ ጅኒ ያባርራል የሚሉ አሉ። የደንቡን አሠራር ልብ በሉ። የታወቀ ቀን አለው። ዋጋ አለው፦ እህሉና ቅቤው ከሰው ጓዳ ነው የሚወጣው። ውጤቱን ደግሞ የሚወስነው ጅቡ እንጂ ሰው አይደለም። ቀን፣ ዋጋ፣ ከእጅ የወጣ ውጤት። አስማታችሁ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለው ገና አልበሰለም።

ይሄ ግን የሰዎች እምነትና ልማድ ነው፤ ቆርጣችሁ አትለጥፉት። አንዲት የሐረር እናት ጋ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ ስሙ፣ ከዚያ የራሳችሁን ሌላ ነገር ፍጠሩ።

ሳይንሱን ሒሳብ ይፈትነው

አንድ ልጅ "ድሬዳዋ የወደብ ከተማ የምትሆንበት ልብወለድ ጀመርኩ" አለኝ። ሐሳቡን ወደድኩት። የአፋር ምድር እየተሰነጠቀ መሆኑ እውነት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተቀደደ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር የሰፋ ቦታ ነበረው። ደናክል ዝቅተኛው ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከቀይ ባሕር የሚለየውን ከፍታ ውሃ ከጣሰው ባሕር ይገባል።

ግን ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ በተፈጥሮ አካሄዱ ይህ የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ባሕር ገባ ቢባል እንኳ የሚሞላው ከባሕር ወለል በታች ያለውን ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ሆና መርከብ አታይም። ይሄን አንባቢ ያሰላዋል። በተለይ የድሬ አንባቢ፤ ካፌ ቁጭ ብሎ ያሰላባችኋል።

ምን ይደረግ? ሐሳቡን መጣል አይደለም። ሒሳቡ ራሱ የተሻለ ታሪክ ይሰጣል። ባሕሩን የሚያስገባው ተፈጥሮ ሳይሆን ሰው ቢሆንስ? ከፍታውን የሰነጠቀ ኩባንያ ቢኖር? ያኔ ወደቡ አፋር ውስጥ ይሆናል። ድሬ ደግሞ ከውሃው የሸሹ ሰዎች የሚወጡባት ከተማ ትሆናለች። ባለ መርከቧ ድሬ ቆንጆ ፖስትካርድ ነበረች፤ ስደተኛ የምትቀበለዋ ድሬ ግን ሙሉ ልብወለድ ናት። ልጁ አሁን እሱን እየጻፈ ነው።

ሁሉን ነገር መጽሐፍ ላይ አታገኙትም። አንድ ጊዜ የጠፈር መርከብ ቅርፊት መሰንጠቁን ያለ መሣሪያ የሚያውቅ ጠጋኝ ፈለግኩ፤ ለገፀ ባሕርይ ማለቴ ነው። ሸሚንደፈር፣ ማለትም ባቡር ድርጅቱ ውስጥ፣ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ሻይ እየጠጣን ነበር። ማንኪያውን አነሳና ባዶውን ብርጭቆ ጫፉ ላይ መታው። ጥርት ብሎ ጮኸ። "ይሄ ደህና ጎማ ነው" አለኝ። ከዚያ ብርጭቆውን በመዳፉ ጨብጦ መታው። ድምፁ ወዲያው ሞተ። "ይሄን ከሰማህ ባቡሩ አይወጣም። አለቃ ይጩህ፣ ሹም ይምጣ፣ አይወጣም።" በመዶሻ እየመቱ የባቡር ብረት ጎማ መስማት የድሮ ሥራ ነው፤ የተሰነጠቀ ብረት አይጮኽም። ጠጋኜን አገኘሁት። ጠባዩንም ጭምር፦ ሹም ቢመጣ የማይበገር። መዶሻውን በብዙ ገጽ ማብራራት አላስፈለገኝም፤ ሁለት ምት በቃ።

ሮቦቱ "አንተ" ይላል ወይስ "እርስዎ"?

ይሄ በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተሰጠን ሀብት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ማሽን አፉን ሲከፍት መምረጥ አለባችሁ። ያከብራል ወይስ አንተ ይላል? ሰዎቹስ "እሱ" ይሉታል ወይስ "እሷ"? ግሱ ሁሉ ይናገራል፣ መደበቂያ የለም። ብዙ ጀማሪ ይህን እንደ ችግር ያየዋል። ሮቦቱን ንግግር አልባ ያደርገዋል ወይም ዜና አንባቢ ያስመስለዋል።

ተጠቀሙበት እንጂ። አንድ አዛውንት የሚንከባከብ የቤት ማሽን አስቡ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ "ይቀመጡ"፣ "መድኃኒትዎን ይውሰዱ"፣ "አሁን ባይወጡ ይሻላል" ሲል ኖረ። አንድ ማታ በሩን ቆልፎ "አትወጣም" አለ። አንድ ቃል ነው። ሽጉጥ አልተመዘዘም፣ ቀይ መብራት አልበራም። የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ ግን ተቀየረ።

ሰው ብቻ ሳይሆን አገርም በዚህ ይለያል። እኛ ድሬ ታላቁንም ታናሹንም አንተ ነው የምንለው። ያ ባቡር ጠጋኝ ሽማግሌ አንተ ይለኛል፣ እኔም አንተ እለዋለሁ፣ ማንም አይቀየምም። ከመሐል አገር የመጣ እንግዳ ግን ፊቱ ይቀላል። ሁለት የጠፈር ሰፈር ፍጠሩ፤ አንዱ በእርስዎ የሚኖር፣ ሌላው በአንተ። ድርድራቸው በመጀመሪያው ሰላምታ ሊፈርስ ይችላል፤ የጦር ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም።

ጾታ የሌለው ፍጡር ካላችሁ ደግሞ ጠሪው ይወስን። ነጋዴዎቹ "እሷ" ይበሉት፣ ወታደሮቹ "እሱ"። ስለ ፍጡሩ ምንም አልነገራችሁንም፤ ስለ ጠሪዎቹ ግን ብዙ ነገራችሁን።

ስም ስታወጡ ሁለት ጥንቃቄ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። የፈጠራችሁትን ስም ለተለያዩ ሰዎች ስጡና ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ካልተስማሙ ቀይሩት። ሌላው ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ ነው። የስም ዝርዝር ከጎን ይኑር። ምዕራፍ 2 ላይ በሐ የነገሠ ንጉሥ ምዕራፍ 9 ላይ በሀ ከሞተ አንባቢ ሁለት ንጉሥ መስሎት ይፈልጋል።

መቼና ምን ያህል

የድሬን ፀሐይ ጥሶ መጻፍ ጀግንነት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ጭንቅላት አይሠራም። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ባጃጁ ያልተነሳ። በቀን 500 ቃል ብትጽፉ በ120 ቀን 60,000 ቃል ነው። የመጀመሪያ ረቂቅ አላችሁ ማለት ነው።

ስለ በርጫ፣ ስለ ጫት ቅሚያው ማለቴ ነው፣ መቼም እዚህ አገር ሆኖ ዝም አይባልም። ምርቃና ላይ የሚመጣ ሐሳብ ግዙፍ ነው። ጋላክሲ ይመሠረታል፣ አሥር ቅጽ ይታቀዳል፣ አከፋፈሉም እዚያው ያልቃል። በጠዋት ስታዩት አንድ ጥሩ መስመር ከተረፈ ደግ ነው። ጻፉት፣ ግን ከሻይ በኋላ ሳታነቡት ለማንም አትላኩ። በርጫ ጥሩ የሚሆነው ለሌላ ነገር ነው፦ ምዕራፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ሰው የት ላይ ስልኩን እንደሚያወጣ ተመልከቱ። እዚያ ጋ ቁረጡ።

ርዝመትን በተመለከተ በእንግሊዝኛ ሚዛን አትለኩ። በዚህ ዘርፍ ስመ ጥሩው የሁጎ ሽልማት ከ7,500 ቃል በታች ያለውን አጭር ልብወለድ፣ ከ17,500 እስከ 40,000 ያለውን ኖቬላ፣ ከ40,000 በላይ ያለውን ረጅም ልብወለድ ይለዋል። የእኛ አንድ ግስ ግን የእነሱን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሸከማል። ያው ታሪክ በአማርኛ በጣም ባነሰ ቃል ያልቃል። ለመጀመሪያ መጽሐፍ 60,000 የአማርኛ ቃል ከበቂ በላይ ነው።

ገጽም ገንዘብ ነው። በተለመደው የመጽሐፍ መጠን አንድ ገጽ 250 ቃል ገደማ ይይዛል፤ 60,000 ቃል 240 ገጽ ይሆናል። በ16 በ16 ገጽ የሚያትም ማሽን ላይ 240 ልክ ይገባል። 243 ከሆነ ግን ለ256 ትከፍላላችሁ፤ ትርፉ ባዶ ወረቀት ነው። ሦስቱን ገጽ ቁረጡ። ባለ አምስት ቅጽ ፋንታሲ የምታልሙም ይህን አስሉ፦ አንደኛው ቅጽ ብቻውን የሚያልቅ ታሪክ ይሁን። ሁለተኛው መቼ እንደሚታተም የሚወስነው የወረቀት ዋጋ ነው።

ጽሑፉን በዩኒኮድ ጻፉ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ነገር ሲገለበጥ ፊደሉ ይዘበራረቃል። ከማተሚያ ቤት የመጣውን የመጨረሻ ናሙና ራሳችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። የፈጠራችሁትን ስም ፊደል ለቃሚው "ስህተት ነው" ብሎ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የቅን ልብ ሥራ ነው፣ ግን ጀግናችሁ አበበ ሆኖ ይወጣል።

ማሳተምና ውል

እዚህ አገር አብዛኛው ደራሲ በራሱ ወጪ ነው የሚያሳትመው። በሌላ አገር ይህ ሊያሳፍር ይችላል፤ እኛ ጋ የተለመደ መንገድ ነው። ግን ከማተሚያ ቤት በፊት አርታዒ ይቅደም፤ ዘመድ ያልሆነ፣ የሚከፈለው። ሽፋኑንም ለሠዓሊ ክፈሉ። የሳይንስ ልብወለድ ሽፋን ላይ ከኢንተርኔት የተወሰደ የጠፈር ፎቶ ካለ አንባቢ ትርጉም ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (ISBN) ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ውሰዱ፤ 978-99944 ብሎ የሚጀምር በብዙ የአገራችን መጽሐፍ ጀርባ ታገኛላችሁ። "ሐሳቤን ይሰርቁኛል" ብለው ረቂቃቸውን ለማንም የማያሳዩ አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የጻፋችሁትን ነው፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብ ብቻውን አይጠበቅም። ስለዚህ ሐሳቡን መደበቅ ትታችሁ መጻፉን ጨርሱ።

አከፋፋይ ጋ ስትሄዱ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይሁን፦ ከሽፋኑ ዋጋ ስንት ለእሱ፣ ሒሳብ መቼ መቼ፣ ያልተሸጠው መቼ ይመለሳል። ስሙን የማልጠራው አንድ አከፋፋይ የእኔን መጽሐፍ "ገና አልተሸጠም" እያለ ከረመ። አዟሪ ግን እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ አጠገብ እያዞረ ለእኔው ለደራሲው ሊሸጥልኝ መጣ! ውሉ ላይ ቀን ተጽፎ ስለነበር ሒሳቤን ተቀበልኩ። በቃል ቢሆን ኖሮ እስካሁን እየደወልኩ ነበር።

መብት አንድ ጥቅል አይደለም። የወረቀት ኅትመት ለብቻ፣ በድምፅ መተረክ ለብቻ፣ ትርጉም ለብቻ፣ ፊልምና ድራማ ለብቻ። ጉምሩክ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ በየመደቡ ነው የሚገባው፤ "ልዩ ልዩ" ብሎ የጻፈ ይከስራል። "ሁሉንም መብት ለዘላለም" የሚል መስመር ካያችሁ አስቁሙት።

ፒዲኤፍ በቴሌግራም መውጣቱ አይቀርም። ቻናሉን ሪፖርት አድርጉ፣ ግን ቀናችሁን አትጨርሱበት። ሕጋዊውን ዲጂታል ቅጂ በርካሽ ወዲያው አቅርቡ። በድምፅ የተተረከም ይኑር፤ የሹፌሩ ሕዝብ ብዙ ነው፣ ጅቡቲ መንገድ ደግሞ ረጅም ነው።

ወደ ውጭ የሚልኩ ካሉ

እንግሊዝኛችሁ የሚረዳችሁ ከሆነ በአጭር ልብወለድ ጀምሩ። ለአፍሪካውያን የሚሆን ቤት አለ፦ ኦሜናና መጽሔት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካውያንን የዚህ ዘርፍ ሥራ ያትማል። የኖሞ ሽልማት ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአፍሪካውያን ደራሲዎች ይሰጣል። የአሜሪካው የሳይንስ ልብወለድና ፋንታሲ ጸሐፊዎች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. የባለሙያ ክፍያ መነሻ ብሎ ያስቀመጠው በቃል 8 ሳንቲም ነው። የ5,000 ቃል ታሪክ 400 ዶላር መሆኑ ነው። ከመላካችሁ በፊት ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚከፈል ጠይቁ። ሁሉም የክፍያ ዘዴ እዚህ አይሠራም፤ በባንክ የሚልኩ እንደሆነ አረጋግጡ።

የየመጽሔቱን መመሪያ እንደ ጉምሩክ ሰነድ አንብቡ። አንድን ታሪክ ባንድ ጊዜ ለሁለት ቦታ መላክ ብዙዎቹ አይፈቅዱም። በማሽን (በኤአይ) የተጻፈም አይቀበሉም። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ክላርክስወርልድ የተባለው መጽሔት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጎርፎበት ለጊዜው በሩን እስከ መዝጋት ደርሷል። የላካችሁበትን ቀን፣ ቦታና መልስ በሠንጠረዥ መዝግቡ። "አይሆንም" ሲመጣ ያኑ ሳምንት ለሚቀጥለው ላኩ።

ለረጅም ልብወለድ ሥራችሁን ለአሳታሚ የሚሸጥላችሁ ወኪል ያስፈልጋል። ወኪል ከምታገኙት ላይ 15 በመቶ ይወስዳል፣ ለውጭ አገር ሽያጭ ብዙውን ጊዜ 20። አስቀድሞ "የማንበቢያ ክፍያ" የሚጠይቅ ካለ ወኪል አይደለም፣ ሌባ ነው። እዚህ አገር ለማተሚያ ቤት መክፈል ስለለመድን በቀላሉ እንሸወዳለን፤ እዚያ ግን ገንዘቡ ወደ ደራሲው ነው የሚሄደው።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት በገባ ማግስት ሁለተኛውን ጀምሩ። ኅትመት ይዘገያል፤ ወረቀት ጠፋ፣ መብራት ሄደ፣ ማሽን ተበላሸ ይባላል። በየቀኑ እየደወላችሁ ከምትቃጠሉ ምዕራፍ 1 ላይ ሁኑ።

ምረቃውን ድሬ ላይ አድርጉት። አዲስ አበባ በኋላ ይደርሳል። ካርቶኖቹ በአገር አቋራጭ ሲመጡ ራሳችሁ ቁማችሁ ተረከቡ፣ ቁጠሩ፣ ፈርሙ። ከምረቃው ላይ የሚሸጠው የአከፋፋይ ድርሻ ስለሌለው ከሁሉ የተሻለ ገንዘባችሁ እሱ ነው፤ ዝርዝር ብር አዘጋጁ፣ የሞባይል ክፍያ ቁጥራችሁንም በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ሰዓቱን ደግሞ ከአመሻሹ 11 ሰዓት በፊት አታድርጉት። ስምንት ሰዓት ብላችሁ ካርድ ብትበትኑ እናታችሁም አትመጣም፤ ተኝታለች።